የታች ጥርሳቸው በሙሉ ለወለቀ ወላጆች፦ ሦስት ምርጫዎችና አንድ መብት

በብዙ ቤቶች የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። ቤተሰብ ለሰንበት ወይም ለበዓል ይሰበሰባል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ይበላሉ። እናት ግን ሁለት ጉርሻ ወስደው እጃቸውን ይሰበስባሉ። «እማማ፣ ይብሉ እንጂ» ሲባሉ «ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ» ይላሉ። እኛም እርጅና ነው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ቀንሶ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ይህን ዓምድ ከምናዘጋጀው መካከል የአንዳችን እናት ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። እውነቱ የታወቀው አንድ ቀን ልጃቸው ሳይታሰብ ስትመጣ ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን እንጀራ በሻይ እያራሱ ሲበሉ ስላገኘቻቸው ነው። የታች ጥርሳቸው በሙሉ ወልቋል። ከዓመታት በፊት የተሠራላቸው ተነቃይ ጥርስ ግን በመሐረብ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። «አፌ ውስጥ ይንሸራተታል። ሰው ፊት እንዳይወድቅብኝ ፈርቼ ተውኩት» አሉ።

ቤተሰቡ ተመካክሮ በማስታወቂያ ወዳየው አንድ የግል ክሊኒክ ይዟቸው ሄደ። ክሊኒኩ ውስጥ መጀመሪያ ያነጋገረቻቸው ሐኪም ሳትሆን ስለ ክፍያ የምታስረዳ ሠራተኛ ነበረች። የማይነቀል ቋሚ ጥርስ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሸቄል እንደሆነ፣ በየወሩ ተከፋፍሎ ሊከፈል እንደሚችል፣ ቅናሹ ግን ለዚያ ቀን ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ያስተረጎመው የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ ዕብራይስጡን አሳምሮ ያውቃል፤ «ድድ» እና «መንጋጭላ» የሚሉትን የአማርኛ ቃላት ግን ሰምቷቸው አያውቅም። እናት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ሌላ ምርጫ የለም?» የተሰጣቸው መልስ «ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው» የሚል ነበር። ልጃቸው እስክሪብቶ አንስታ ልትፈርም ስትል እናት እጇን ያዙና «ልጄ፣ ያልገባኝን አልፈርምም» አሉ።

እኚህ እናት በቴዑዳት ዜሁታቸው መሠረት 74 ዓመታቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስንጠይቅና ስናጣራ፣ ለእሳቸው የሚስማማ ሌላ ምርጫ እንዳለና እሱም በሕግ የሚገባቸው እንደሆነ ደረስንበት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም አልነገራቸውም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው።

የታችኛው ጥርስ ለምን ያስቸግራል?

የላይም የታችም ጥርሳቸው የወለቀ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «የላዩ ተነቃይ ጥርስ ደህና ነው፣ የሚያሠቃየኝ የታቹ ነው» ይላሉ። ምክንያት አለው። የላይኛው ተነቃይ ጥርስ ላንቃን በሙሉ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በምራቅ ተጣብቆ ይይዛል። ውኃ የነካው ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚጣበቅ ማለት ነው። የታችኛው ግን የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቀጭን ነገር ነው፤ መሐሉ ለምላስ ክፍት ነው። ስንናገር፣ ስናኝክ፣ ስንውጥ ምላስና ጉንጭ ይገፉታል፤ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ምክንያት አጥንቱ ነው። የመንጋጭላን አጥንት ጠንካራ አድርጎ የሚያቆየው የጥርስ ሥር ነው። ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ሥራ ስለሚያጣ ቀስ በቀስ ይሟሟል፣ ዝቅ ይላል፣ ይሳሳል። ይህ በመጀመሪያው ዓመት ይበረታል፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ አይቆምም። ጥርስ የሌላቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው የታችኛው መንጋጭላ ከላይኛው በአማካይ አራት እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በፊት ልክ የነበረ ተነቃይ ጥርስ ዛሬ ልክ ባይሆን ጥፋቱ የወላጆቻችን አይደለም። ጥርሱ እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ ያለው አጥንት ነው።

ጥርስ ማጣት የሚጎዳውም ምግብን ብቻ አይደለም። ንግግር ይለወጣል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፣ ጉንጭ ይሰረጉዳል። ስቀው የማያውቁ የሚመስሉ፣ ሲናገሩ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ፣ ለቅሶና ሠርግ ቤት መሄድ የሚቀንሱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። ማኘክ ስለማይችሉም ሥጋውን፣ ጥሬ አትክልቱንና ፍራፍሬውን ትተው ለስላሳና ጣፋጭ ነገር ያዘወትራሉ። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ሌላ ጉዳት ነው።

ምርጫ 1፦ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ

በዕብራይስጥ «ቶቴቬት» የሚባለው ነው። ድድ ላይ ይቀመጣል፣ ቀዶ ሕክምና የለበትም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። በደንብ ከተሠራና አጥንቱ ገና ካላለቀ ብዙ ሰዎች ለምደውት ይበሉበታል።

አሮጌው ተነቃይ ጥርስ የሚንሸራተት ከሆነ ሐኪሙ ከውስጡ በኩል አዲስ ሽፋን ጨምሮ እንደገና ልኩ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ ጥርሱን ይጥለዋል ወይም መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። ቁስል የሚያወጣ ከሆነም የሚነካውን ቦታ ማስተካከል የሐኪሙ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ በሞረድ መሞረድ ወይም የተሰበረውን በተራ ማጣበቂያ ማጣበቅ ጥርሱን ያበላሸዋል፣ ድድንም ይጎዳል።

አጥንታቸው በጣም ዝቅ ላለ ሰዎች ግን የቱን ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢሠራም የታችኛው ተነቃይ ጥርስ ብቻውን አይቆምም። ለእነሱ ቀጣዩን ምርጫ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምርጫ 2፦ በሁለት ብሎን የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ

በዚህኛው ሐኪሙ በታችኛው መንጋጭላ ፊት ለፊት፣ ቀድሞ ክራንቻ ጥርሶች በነበሩበት አካባቢ፣ በቀኝ አንድ በግራ አንድ ሁለት ትናንሽ የቲታንየም ብሎኖች አጥንቱ ውስጥ ይተክላል። በዕብራይስጥ አንዱ «ሼቴል»፣ ሲበዛ «ሽታሊም» ይባላል። በብሎኑ አናት ላይ ትንሽ ጉብ ያለ መያዣ ይገጠማል። በተነቃዩ ጥርስ ሥር ደግሞ እሱን የሚቀበል ጎድጓዳ ቦታ ይሠራል። ጥርሱ ሲደረግ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ይገባል፤ ማታ ለማጠብ ሲፈለግ በእጅ ይወጣል።

ሥራው የሚደረገው ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ከዚያ አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ ድረስ፣ በታችኛው መንጋጭላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይጠበቃል። አንዳንድ ጊዜ በቤት ያለው ተነቃይ ጥርስ ደህና ከሆነ እሱኑ አስተካክሎ ብሎኑ ላይ መግጠም ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች፣ የታች ጥርሱ በሙሉ ለወለቀ ሰው መጀመሪያ ሊቀርብለት የሚገባው በሁለት ብሎን የሚያዘው ጥርስ ነው ብለው ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ዮርክ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም ይህንኑ ደግፈዋል። እንግዲህ ይህ ምርጫ ገንዘብ ላጠረው ሰው የተተወ የድሀ ሕክምና አይደለም።

ጉድለትም አለው። ጥርሱን የሚይዙት ትናንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች ያረጃሉ፤ ለብዙ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መለወጥ አለባቸው። ጥርሱ ከሁለቱ ብሎኖች ሌላ በድድ ላይም ስለሚያርፍ፣ አጥንቱ እየቀነሰ ሲሄድ የውስጡ ሽፋን መታደስ ይኖርበታል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣታቸው በቁርጥማት የታሰረ ሰዎች ሲያወጡት ሊቸገሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከመሠራቱ በፊት ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ምርጫ 3፦ የማይነቀል ቋሚ ጥርስ

ይህ በአራት፣ በአምስት ወይም በስድስት ብሎኖች ላይ ታስሮ የሚቀመጥ ሙሉ የጥርስ ረድፍ ነው። ባለቤቱ አያወጣውም፤ ማውጣት የሚችለው ሐኪሙ ብቻ ነው። በማስታወቂያ ላይ «ኦል ኦን ፎር» ተብሎ የሚጠራው በአራት ብሎኖች የሚሠራው ዓይነት ነው። በእሱ ሁለቱ የኋላ ብሎኖች ዘንበል ተደርገው ይተከላሉ፤ ይህም አጥንቱ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ለመሸሽና ብዙ አጥንት ያለበትን ቦታ ለመጠቀም ነው።

ከሦስቱ ምርጫዎች ከራስ ጥርስ ጋር በጣም የሚመሳሰለው ይህ ነው። ጠንከር ያለ ምግብ ያሳኝካል፣ አይንቀሳቀስም፣ ማታ ማውጣት የለም። አቅሙ ላለው፣ ጤናውና አጥንቱ ለፈቀደለት፣ በየቀኑ በጥንቃቄ ለሚያጸዳ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

ዋጋው ግን ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ነው። ጽዳቱም ይከብዳል፤ ምግብ ከሥሩ ስለሚገባ በልዩ ብሩሽና ክር በየቀኑ መጥረግ ያስፈልጋል። ሲሰበር ጥገናው ውድ ነው። «በአንድ ቀን ጥርስ» የሚለውን ማስታወቂያም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በዚያ ቀን የሚገጠመው ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ጥርስ ነው። ብሎኖቹ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐዱ ለተወሰኑ ወራት ለስላሳ ምግብ ብቻ ይበላል፤ ከዚያ ዋናው ይሠራል። የዋናው ዋጋ በተነገረው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብሎን በአጥንት ውስጥ ይኖራል ወይ?

ብዙ ሽማግሌዎች «ብረት አጥንት ውስጥ ሲገባ አይበሰብስም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የስዊድኑ ተመራማሪ ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት የጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡት የቲታንየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልወጣ ሲላቸው፣ አጥንት ቲታንየምን እንደ ባዕድ ነገር ገፍቶ እንደማያስወጣው ተገነዘቡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮስታ ላርሶን ለተባለ፣ የታች ጥርስ ላልነበረው ሰው አራት ብሎኖች ተከሉለት። ላርሶን እ.ኤ.አ. በ2006 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞባቸዋል። የመጀመሪያው ታካሚ ልክ እንደ ወላጆቻችን የታች ጥርስ ያጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

ከሐኪሙ የማይደበቅ ነገር

ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፤ በ80 ዓመታቸው የተተከለላቸው አሉ። የሚያሳስበው የጤና ሁኔታ ነው። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ከነካርቶኑ በከረጢት ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ሊተከልለት ይችላል፤ ነገር ግን ስኳሩ መቆጣጠር ካልተቻለ ቁስሉ ይዘገያል፣ ብሎኑም ላይይዝ ይችላል። ሐኪሙ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ውጤት ይጠይቃል።

ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ በየሳምንቱ የሚዋጠው ፎሳላን ወይም በየስድስት ወሩ በመርፌ የሚሰጠው ፕሮሊያ፣ መንጋጭላ ሲነካ አጥንቱ እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። ብዙ እናቶች «ለአጥንት የሚሆን ክኒን» ብለው ስለሚያስቡት ለጥርስ ሐኪም መናገር ያለባቸው አይመስላቸውም። ሳይረሱ ይናገሩ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ የጥርስ ሐኪሙና የቤተሰብ ሐኪሙ ተነጋግረው ይወስኑ። ቀደም ሲል ራስና አንገት አካባቢ የጨረር ሕክምና የወሰደም መናገር አለበት። ሲጋራ ማጨስ ብሎኑ እንዳይይዝ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። የባህል መድኃኒት የሚወስድም ሳያፍር ይንገር።

ከመትከል በፊት አጥንቱና ነርቩ ያሉበት ቦታ በራጅ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሲቲ ያስፈልጋል። በታችኛው መንጋጭላ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ እሱ ከተነካ ከንፈር ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። ሁለቱ ብሎኖች ፊት ለፊት የሚተከሉበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ነርቭ ለመራቅ ነው።

በሕግ የሚገባን ምንድን ነው?

የልጆች ጥርስ ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ሳል ሀብሪኡት፣ ማለትም ኩፓት ሆሊም በሕግ ሊሰጠን ወደሚገባው የሕክምና ዝርዝር እንደገባ ወላጆች ያውቃሉ። ብዙዎች ያልሰሙት የአረጋውያኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ አረጋውያን የጥርስ ሕክምና በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዕድሜው ወደ 72 ዝቅ ብሏል።

በዝርዝሩ ውስጥ ምርመራ፣ ጽዳት፣ ጥርስ መሙላትና መንቀል፣ ተነቃይ ጥርስ ይገኛሉ። የታች ጥርሳቸው በሙሉ ለወለቀ ደግሞ ተነቃዩን ጥርስ የሚይዙ ሁለት ብሎኖች አሉበት። ከላይ ምርጫ 2 ብለን የጻፍነው ማለት ነው። ምርጫ 3፣ የማይነቀለው ቋሚ ጥርስ፣ በዚህ መብት ውስጥ የለም።

ሦስት ነገሮች ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ይህ መብት ቢቱዋህ ማሽሊም የሚባለውን ተጨማሪ መድን ለሌለውም ሰው ነው። ሁለተኛ፣ በነፃ አይደለም፤ ሂሽታትፉት አጽሚት የሚባል በዝርዝር የተወሰነ የራስ ድርሻ ይከፈላል። ስንት እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ኩፓት ሆሊም እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ሕክምናው የሚሰጠው በኩፓት ሆሊሙ የጥርስ ክሊኒኮች ወይም ከእሱ ጋር ስምምነት ባላቸው ክሊኒኮች ነው። በራሳችሁ ፈቃድ ወደ ሌላ የግል ክሊኒክ ሄዳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኝ ብታመጡ ገንዘቡ ይመለስልናል ብላችሁ አታስቡ።

ዕድሜን በተመለከተ ኩፓት ሆሊም የሚያየው በቴዑዳት ዜሁት ላይ የተጻፈውን ነው። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ወደ አገር ሲገቡ የልደት ቀናቸው በግምት ስለተመዘገበ፣ እውነተኛ ዕድሜያቸውና ወረቀቱ ላይ ያለው ይለያያል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት መታወቂያውን አይቶ ማስላት ይበጃል። 72 ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ለቀሯቸው ወላጆች፣ የሚያጣድፍ ሕመም ከሌለ፣ መጠበቁ ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍ ይችላል።

ዕድሜያቸው ያልደረሰስ?

ተጨማሪ መድን ያላቸው ሰዎች በኩፓት ሆሊማቸው በኩል በተተካይ ጥርስ ላይ ቅናሽ ሊያገኙ ይችላሉ። መድኑ የመጠበቂያ ጊዜና የቁጥር ገደብ ሊኖረው ስለሚችል፣ «ለስንት ሽታሊም? ከስንት ወር በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና ሀዳሳ፣ እንዲሁም በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ባሉት የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ዝቅ ባለ ዋጋ ያክማሉ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀጠሮው ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል።

ወደ ውጭ አገር ሄዶ ርካሽ ጥርስ ማስተከልም ይሰማል። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ ከስድስት ወር በኋላ ብሎኑ ቢላላ ወይም ድዱ ቢቆጣ ማን ያየዋል? እዚህ ያለው ሐኪም የማያውቀውን ብሎን ለመጠገን ሊቸገር ይችላል።

የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አናድርግ

የ13 ዓመት ልጅ የአያቱን የአፍ ሕመም፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የሃምሳ ሺህ ሸቄል ውል እንዲያስተረጉም መጠየቅ ለልጁም ለአያቱም ከባድ ነው። አያት በልጅ ፊት የማይናገሩት ነገር አለ፤ ልጁም ያልገባውን በግምት ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ሌሎች አማራጮችና ስለ አደጋው ታካሚው በሚገባው መንገድ የማስረዳት ግዴታ አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጤና ሚኒስቴር የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው በቋንቋና በባህል ተስማሚ እንዲያደርጉ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «በአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። በአንዳንድ የኩፓት ሆሊም ክሊኒኮች መጋሼሬት የምትባል አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ አለች፤ በሌሎች ቦታዎች በስልክ ማስተርጎም ይቻላል። ስለ መብታችሁ ለመጠየቅ ወደ ጤና ሚኒስቴር የስልክ ማዕከል፣ ኮከብ 5400 መደወል ትችላላችሁ። ኩፓት ሆሊም የሚገባውን ከከለከለ ደግሞ በሚኒስቴሩ ውስጥ የብሔራዊ ጤና መድን ሕግን የሚመለከት የቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ።

የሸማቾች ጥበቃ ሕግም አንድ ነጋዴ ደንበኛው ውሉ የተጻፈበትን ቋንቋ አለማወቁን መጠቀሚያ እንዳያደርግ ይከለክላል። ቢሆንም ከፈረሙ በኋላ ከመከራከር ሳይፈርሙ መጠየቅ ይቀላል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተለውን ቆርጣችሁ በቦርሳ ያዙት።

1. ለእኔ የሚሆኑት ምርጫዎች ስንት ናቸው? ሁለት ብሎን ለምን አይበቃኝም?

2. ይህ ሕክምና በሳል ሀብሪኡት ይገባኛል? በተጨማሪ መድኔስ?

3. የሕክምናውን ዕቅድና የእያንዳንዱን ሥራ ዋጋ በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? በዕብራይስጥ «ቶክኒት ቲፑል» በሉ።

4. በዋጋው ውስጥ ራጅ፣ ጊዜያዊ ጥርስ፣ ዋናው ጥርስና ክትትል ገብተዋል?

5. ብሎኑ ካልያዘ ማን ይከፍላል? ዋስትናው ለስንት ዓመት ነው?

6. የሚተክለው ሐኪም ማን ነው? ጥርሱን የሚሠራውስ እሱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ?

7. የብሎኑ ዓይነት፣ መጠንና የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ካርድ ትሰጡኛላችሁ? ይህ ካርድ ወደፊት ሌላ ሐኪም ዕቃ ሊለውጥ ሲፈልግ ያስፈልጋል።

መልሱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። «ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ የወለቀ ጥርስ ነገ ድረስ የትም እንደማይሄድ አስቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሕጉ ከሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት የመጠየቅና የሕክምና መዝገባችሁን፣ ራጁንም ጨምሮ፣ ግልባጩን የመውሰድ መብት ይሰጣችኋል። ሐኪሙ በዚህ ቅር ሊሰኝ አይገባም።

ከተተከለ በኋላ

ብሎን አይቦረቦርም፤ ዙሪያውን ያለው ድድና አጥንት ግን ሊቆጣ ይችላል። ካልጸዳ አጥንቱ ይበላል፣ ብሎኑም ይላላል። ተነቃዩን ጥርስ ከምግብ በኋላ ማጠብ፣ ማታ አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና መጥረግና ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ተራ የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን ይፍቀዋል፤ የፈላ ውኃም ቅርጹን ያጣምመዋል። በአፍ ውስጥ የቀረውን የብሎኑን አናትና ድዱን በለስላሳ ብሩሽ በቀስታ ማጽዳት ያስፈልጋል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሐኪም ወይም ሺናኒት የምትባለዋ የጥርስ ጽዳት ባለሙያ ትያቸው። ደም፣ መግል ወይም መነቃነቅ ከታየ ቀጠሮውን መጠበቅ አይገባም። በአገር ቤት በመፋቂያ ጥርሳቸውን ጠርገው ያደጉ ወላጆች የጽዳትን ልማድ ያውቁታል፤ መፋቂያውን ግን በተተከለው ብሎን ዙሪያ አይጠቀሙበት፤ እዚያ የሚስማማው ለስላሳ ብሩሽ ነው።

መጀመሪያ የነገርናችሁ እናት በኩፓት ሆሊማቸው በኩል ሁለቱ ብሎኖች ተተከሉላቸው። በቀጠሮው ላይ አንዲት መጋሼሬት ነበረች፤ እናት ከልጅ ልጃቸው ፊት ያልጠየቁትን ሁሉ ጠየቋት። ሦስት ወር ጠበቁ፤ ከዚያ አዲሱ የታች ጥርስ ጠቅ ብሎ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም፤ አንድ ቦታ ቆስሎ ሁለት ጊዜ ተመልሰው አስተካክለውላቸዋል። ቆሎ እስካሁን አልደፈሩም፤ ሐኪሙም አልመከራቸውም። በሰንበት ማዕድ ግን ከሰው እኩል ተቀምጠው ይበላሉ፣ ሲስቁም አፋቸውን አይሸፍኑም።

ልጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ሰንበት እናታችሁ ወይም አባታችሁ «ጠግቤያለሁ» ሲሉ ዝም ብላችሁ አትለፉ። እንግዶች ከሄዱ በኋላ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ጠጋ ብላችሁ «እማማ፣ አባባ፣ ያመዎታል ወይ? ያ ጥርስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም መታወቂያቸውን አውጥታችሁ ዕድሜያቸውን ተመልከቱና ወደ ኩፓት ሆሊማችሁ ደውሉ።